አባባ ሳይበሉ እንዳይሰሙ

ባለፈው ሳምንት ወደ ክፋር ዮና በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከቦርሳዋ የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ መላጥ ጀመረች። ቀኑ ይፋጃል፤ ማዝጋኑ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ያቃስታል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሁላችንም ከሥራ የምንመለስ ነን፤ ማንም ማንንም የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። እንቁላሉን ተቀብሎ ለአንድ ሰው ሊያጎርስ ነበር። ሴትዮዋ የራበኝ መስሏት ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ። ላሳፍራት አልፈለግኩም፤ በላሁት። ጨው አልነበረውም።

ከዚያ እስከ ቤቴ በር ድረስ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ያንን ጊዜ አባባ «ዝናብ የሌለው ክረምት» ይሉት ነበር። ሐምሌ ገብቷል ሲባሉ ቀና ብለው ሰማዩን ያዩና «ለእሱ ማን ይንገረው?» ይላሉ። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ስማቸው ደሴ ነው፤ ከእኛ ጋር ናታንያ ከተማ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የሚቆምበት ቀን በሚበዛበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። አሁን ስጽፍ አንቱ እላቸዋለሁ። ያኔ ግን በትምህርት ቤታችን በዕብራይስጥ ዘበኛውም ርእሰ መምህሯም አንተና አንቺ ስለሆኑ፣ አባባንም አንተ ነበር የምላቸው። የሞዓዶኑ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ ይስቁ ነበር። «ደሴ፣ እኩያህን አገኘህ» ይሏቸዋል።

ሞዓዶን ማለት ከገበያው ኋላ ያለች አንዲት አዳራሽ ናት። የአገራችን አሮጊትና ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት እዚያ እየተሰበሰበ ሻይ ይጠጣል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ወደ ላይ እያነሳ ስፖርት ይሠራል፣ ስለ ደም ግፊቱ ያወራል። በዚያ ክረምት ሞዓዶኑ አዲስ ነገር አመጣ። ረቡዕ ረቡዕ ጥዩል፣ ማለትም የአንድ ቀን ጉዞ፤ ማለዳ ወጥቶ ማታ መመለስ። አውቶቡሱ ከአደባባዩ ጥግ ይቆማል፤ ሮኒት የምትባል ቀጭን አስጎብኚ ማይክ ይዛ ከሾፌሩ ጎን ትቆማለች። ሮኒት አማርኛ አታውቅም። እኔ ትምህርት ተዘግቶብኝ ቤት ውስጥ ግድግዳ ስቧጥጥ ነው የምውለው። እናም አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ደመወዜ በረዶ ነበር፣ በእንጨት ላይ የሚላሰው።

የመጀመሪያው ጉዞ ሮሽ ሀኒክራ ነበር፤ በሰሜን ጫፍ፣ ባሕሩ ነጩን ገደል ቦርቡሮ ዋሻ ያወጣበት። በመንገዱ ሁሉ ሴቶቹ ዘፈኑ። ሾፌሩ እንኳ መሪውን በጣቱ ይመታ ነበር። እዚያ ስንደርስ ወደ ዋሻው የሚያወርደው በሽቦ የተንጠለጠለ ሣጥን ሆኖ ተገኘ። እማማ አበቡ፣ አገጫቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው ወፍራም ሴትዮ፣ በሩ ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

አባባ «ግቢ እንጂ፣ እኔ አለሁ» አሏቸው።

«አንተ ስላለህ እኮ ነው የፈራሁት» አሉ እማማ አበቡ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። እኔ ስላልገባኝ በሽቦው ላይ እየተወዛወዝን ሲያስረዱኝ ወረድን። አባባ በአገራቸው፣ ጎንደር ገጠር ውስጥ፣ መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ሰው ሩቅ አገር ሞቶ ሲቀር ለቤተሰቡ ሄዶ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፤ ዝም ብሎ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሰዓት አለው፣ አፍ አለው። አባባ ጎህ ሲቀድ በትራቸውን ይዘው በአንድ መንደር መንገድ ከታዩ ሰው በሩን ዘግቶ፣ ወደ ማን ቤት እንደሚታጠፉ በቀዳዳ ያይ ነበር ይባላል። እንደ እማማ አበቡ አባባል ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ የጠፋ በሬ ፍለጋ ማልደው ሲያልፉ በሦስት ቤት ሰው ሳይሞት ተለቀሰ።

አባባም ስቀው «በሬው ግን ተገኘ» አሉ።

ያ ከዘፈን ጋር የሄድነው የመጨረሻው ጉዞ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ እናቴና አክስቴ ዝና የወጥ ቤቱን በር ዘግተዋል። ቧንቧው ተከፍቶ ይፈሳል፤ የዕቃ ድምፅ ግን የለም። ዝና የእናቴ ታናሽ ናት። ሰርጓ ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ አንድ ጊዜ ሙሽራው ወታደር ቤት ስለነበረ ተላልፎ፣ እንደገና የተቀጠረ ሰርግ። በሩ ሲከፈት የዝና ዓይን አብጧል። ሰርጉ የቀረባት መሰለኝና ለምን እንደሆነ እንጃ ደስ አለኝ፤ የምለብሰው የሚዜ ቀሚስ አንገቴን ያሳክከኝ ነበር።

ነገሩ ሌላ ነበር። የአባባ እህት ትርንጎ ጎንደር ላይ ሞታ ነበር። አባባ ቤተሰባቸውን ይዘው በአውሮፕላን ወደዚህ ሲመጡ እሷ ባሏ ዘንድ ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ ሲያወሩ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። አሁን ለአባባ መርዶው ከተነገረ ሰርግ የለም። ከበሮ አይመታም፤ አባት ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ለለቅሶ ይመጣል እንጂ ለዘፈን አይመጣም። ስለዚህ እናቴና ዝና እስከ ሰርጉ ድረስ እንዳይነገር ተማማሉ። ይህ ክፋት አይደለም። በእኛ ዘንድ መርዶ ጊዜ ይመረጥለታል፤ ለሙሽራ ሲባል፣ ለአራስ ሲባል፣ ለታማሚ ሲባል ይቆያል። የቸገረው መደበቁ ነው። ቤት ከዋሉ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ አፉ ዝም ቢል ፊቱ ይናገራል። እናቴ አሰበችና አውቶቡስ ላይ ቢውሉ ይሻላል አለች።

ለእኔ የተነገረኝ ከዚህ ሁሉ ምንም አይደለም። እናቴ ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች አጎንብሳ ሦስት ነገር አዘዘችኝ። የአባባን ስልክ አንቺ ያዥው፤ የልቡ ሐኪም ስልክ ያደክመዋል ብሏል። እማማ አበቡን አጠገቡ አታስቀምጪ፤ ልጃቸው ከጎንደር ስለሚደውልላቸው ወሬያቸው ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ ስድስት እንቁላል ቀቅዬልሻለሁ፤ የትም ቦታ ባዶ ሆዱን እንዳይውል።

«ለምን?» አልኳት።

«አብዪው ብያለሁ።»

እንግዲህ በዚያ ረቡዕ ወደ ቂሳርያ ስንሄድ በአንድ ኪሴ የአባባን ፔሌፎን፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ስልካቸውን፣ በሌላው ጨው በወረቀት ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ እንቁላል ይዤ ከአባባ ጎን ተቀመጥኩ። አባባ ስልኩን ስወስድባቸው ዝም ብለው ሰጡኝ። አውቶቡሱ ከከተማው ሳይወጣ እንቁላል ስላጥላቸው እንቁላሉን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ በመስኮት ውጭውን አዩ። ለረጅም ጊዜ ውጭውን አዩ። በኋላ ተቀብለው በሉ። እኔ በሥራዬ ኮራሁ።

ቂሳርያ ላይ አንድ የጥንት ንጉሥ የሠራውን ወደብ ሮኒት ስታሳየን አባባ ከሰው ተለይተው ወደ ውሃው ወረዱ። ፊታቸውን ታጠቡ። ቀና ይላሉ፣ እንደገና ይታጠባሉ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። የባሕር ውሃ ለዓይን እንደማይሆን በዕብራይስጥና በአማርኛ አስረዳኋቸው።

«እውነትሽን ነው» አሉኝ። «ያቃጥላል።»

በሚቀጥለው ረቡዕ አኮ ሄድን። አሮጌ ከተማ ነው፤ ግንቡ ባሕር ውስጥ ገብቶ ቆሟል፤ ከምድር በታች ብርድ ብርድ የሚል ትልቅ አዳራሽ አለው። ሮኒት ታሪኩን ስትናገር እኔ እንደገባኝ አሳጥሬ ተረጎምኩ። ፈረንጆች በመርከብ መጥተው ሠሩት፤ ሌሎች መጥተው አስለቀቋቸው፤ ከዚያ ደግሞ ሌሎች መጡ።

አባባ ይርጋ፣ ከአባባ ትንሽ የሚያንሱ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ «አሁንሳ ማን አለበት?» ብለው ጠየቁ።

አካባቢዬን አየሁና «ዓሣ ሻጮች» አልኩ።

የዓሣው ገበያ ውስጥ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ቁጥሩ ረጅም ነው። አባባ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው የዓሣ ዓይን ይመለከታሉ። እንዳይሰሙ ብዬ ቅመም ሻጩ ጀርባ ገባሁና አነሳሁት።

«አጎቴ?» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

«የልጁ ልጅ ነኝ። ተኝቷል።»

«በቀን?»

«ደክሞት ነው።»

የዶሮ ጩኸት ይሰማኝ ነበር፤ ከእኔ ወገን ይሁን ከእሱ ወገን አላወቅኩም። «እንግዲያ ሲነሳ ንገሪው» አለ። «እናቴን ከቀበርን ሁለት ሳምንት አለፈን። አንድ ቀን እንኳ አልደወለም። ሰው ይጠይቀናል። ወንድሟ ምን አለ ሲሉን ምን እንበል?»

ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ከቅመሙ ጀርባ ስወጣ አባባ ፊት ለፊቴ ቆመዋል።

«ማን ነው?»

«ተሳስተው ነው።»

ስልኩን አዩ፤ ቀጥለው ፊቴን አዩ። «አዎ» አሉ፣ «ሰው ይሳሳታል።» ከዚያም እኔ ሳልጠይቃቸው እጃቸውን ዘረጉ። እንቁላል ሰጠኋቸው። በመመለሻው ላይ ሮኒት አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እናቴን ማታ እግሯን የጨው ውሃ ውስጥ ነክራ አገኘኋት። በዚያን ቀን አሥራ አራት ክፍል አጽድታ ነበር። የሰማሁትን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ጭንቅላቷን ወደ ግድግዳው አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ሁሉን ከመጀመሪያው ነገረችኝ።

«እንቁላሉስ?» አልኳት።

«መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል ይቀምሳል። ከሰማ በኋላ አይበላምና። እንግዲህ ድንገት አንዱ ቢነግረው ብዬ ነው። በባዶ ሆዱ መርዶ የሰማ ሰው አይተርፍም።»

እሷ ይህን ያለችው ሰው እንደሚለው ነው። እኔ ግን አይተርፍም ማለት አይተርፍም ነው ብዬ ያዝኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባባ ሕይወት በእኔ ላይ ወደቀ። ስድስቱ እንቁላል ስምንት ሆነ። ዳቦም ጨመርኩ። ሌሊት አባባ ከእንቅልፋቸው ነቅተው በር ላይ አንድ ሰው ቢያገኙስ ብዬ ከአልጋቸው አጠገብ ብስኩት አስቀምጥ ነበር። ጉንዳን መጣ። እናቴ ጉንዳኑን ጠርጋ ብስኩቱን ግን ተወችው።

ጽፋት፣ ኢየሩሳሌም፣ ሐይፋ። ረቡዕ ካለፈ በኋላ ሳምንቱ ሁሉ የሚቀጥለውን ረቡዕ መፍራት ነበር። ዛሬ ስለ እነዚህ ቦታዎች ብጠየቅ ግድግዳና ደረጃ ነው የማስታውሰው፤ ዓይኔ ሁሉ አውቶቡሱ ውስጥ ነበር። እዚያ ደግሞ ነገሮች ተለውጠዋል። ማንም አይዘፍንም። ሙቀቱ አድክሟቸው መሰለኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ ፊታቸው አድርገው መልበስ ጀመሩ፤ ጥለቱ አውቶቡስ ውስጥ እየተጎተተ እንዳይቆሽሽባቸው ነው አልኩ። ከአባባ በስተግራ ያለው መቀመጫ ላይ በየተራ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ይላል፣ እጁን አባባ ጉልበት ላይ ያኖራል፣ ይነሳል፣ ሌላው ይመጣል። ከዚያ መቀመጫ በላይ ማዝጋኑ በደንብ ይነፍስ ነበር። ነፋሱን በተራ እየተካፈሉ ነው ብዬ፣ ሽማግሌ ሲባል እንዴት ፍትሐዊ ነው እያልኩ አደንቃቸው ነበር።

እማማ አበቡን አላስጠጋሁም። ሲመጡ እግሬን መተላለፊያው ላይ እዘረጋለሁ። እሳቸውም ቆም ብለው «አንቺ ልጅ፣ ኬላ ሆንሽብን» ይሉና ይመለሳሉ። ቀይ ፔሌፎናቸው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ወደ ኋላ ወንበር ሲሄድ አያለሁ። ስልካቸውን ከልክዪ ያለኝ የለም። ኋላ ወንበር ላይ አባባ አንዳንዴ ብቻቸውን ሄደው ጋቢ ተከናንበው ያንሾካሹካሉ፤ ጸሎት ነው። ሲመለሱ ዓይናቸው ያው ቀይ ነው። የትምህርት ቤታችን ነርስ አንድ ጊዜ ለእኔ የሰጠችኝን የዓይን ጠብታ ከቤት አምጥቼ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ስንወጣ በመንገዱ ጥምዝምዝ ላይ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አስደግፌ ጨመርኩላቸው። አንዱ ጠብታ ጺማቸው ላይ ወደቀ። አባባ ይርጋ ከጎን ሆነው ያዩና ፊታቸውን ያዞራሉ።

አባባ «በርትታ ታክመኛለች» አሏቸው።

እኔም ደክሞኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖ መድከም እንዳለ አላውቅም ነበር። ማታ ስንመለስ አውቶቡሱ ከተማ ሲገባ አባባ ትከሻ ላይ እተኛለሁ፤ የሚቀሰቅሰኝ የእናቴ ፊት ነው፤ አደባባዩ ላይ ቆማ በመስኮት ፊቴን ትመረምራለች። አባባ አልሰማም ለማለት ራሴን እነቀንቃለሁ። እሷም ትከሻዋን ትጥላለች። ሦስታችንም ተደጋግፈን ወደ ቤት።

ስድስተኛው የእንቁላል ረቡዕ ዳን ነበር። ከሁሉም ሩቁ። ውሃው ከተራራው ሥር ይፈልቃል፤ በዛፍ ጥላ ሥር እየጮኸ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛነቱ አጥንት ይነካል። አባባ ከአውቶቡሱ ወርደው ቆሙና ድምፁን ሰሙ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ውሃ ያየሁት ዛሬ ነው አሉ። በዚያ ማለዳ እንቁላል አልበላም ብለውኝ ነበር። ሆዴ ተነፍቷል፣ በኋላ፣ አሉ። ስለዚህ እንቁላሉን በእጄ እንደያዝኩ ተከተልኳቸው።

ሮኒት ለጥቂት ደቂቃ ጠራችኝ፤ ለሴቶቹ መጸዳጃ ቤቱ ወዴት እንደሆነ ንገሪልኝ አለችኝ። ስመለስ ከውሃው ዳር፣ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። መሀሉ ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ ትልቅ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል። እማማ አበቡ ጠዋት በፎጣ ጠቅልለው ሲጭኑት አይቼ ነበር፤ ለመንገድ ነው ብለውኝ ነበር። አባባ ይርጋ እጃቸውን ዳቦው ላይ ዘርግተው ይጸልያሉ። እማማ አበቡ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ የከለከልኳቸው ሴትዮ፣ ከአባባ ጎን ቆመው እያለቀሱ ነው። አባባ ደግሞ ባዶ ሆዳቸውን ናቸው።

ሰው እየገፋሁ ሮጥኩ። «ብላ!» አልኳቸው። «አባባ፣ መጀመሪያ ብላ!» እንቁላሉ ገና አልተላጠም፤ ከነቅርፊቱ ነበር ወደ አፋቸው የምገፋው።

ጸሎቱ ቆመ። አባባ እጄን ይዘው ዝቅ አደረጉት፤ ከዚያ እጄን ሳይለቁ ወደ ውሃው ዳር ወስደው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸውም ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተቀመጡ።

«ያኤል» አሉኝ፣ «እኔ ስንቱን ሰው አብልቼ ያስለቀስሁ ነኝ። የሚያበላኝን እጅ የማላውቅ መሰለሽ?»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። እናትሽ ቧንቧ ከፍታ ዕቃ ሳታጥብ ቀረች። ዝና ዓይኗ አበጠ። ስልኬን ወሰዳችሁ። ረቡዕ ደግሞ እንቁላል መጣ።» ወደ ውሃው አዩ። «ከሁሉም የቀረችኝ እሷ ናት። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? በአበቡ ስልክ የትርንጎን ልጅ አገኘሁት። ሲያነጋግረኝ ሰንብቷል፤ የቀበራትን ቦታ ሁሉ ነግሮኛል።»

እንባዬ ይወርድ ጀመር። የጠበቅኩት ስልክ፣ የዘረጋሁት እግር፣ ጠብታው፣ የጉንዳኑ ብስኩት፣ ሁሉም ፊቴ ላይ መጣ። ወደ ዛፉ ዞሬ አየሁ። ሰዎቹ ዳቦውን ሳይቆርሱ እየጠበቁን ነው። ነጠላው፣ መቀመጫው፣ ዝምታው። እናቴ አባባን ከለቅሶ ልታርቅ በየሳምንቱ ለቅሶ ቤት ትልካቸው ነበር፤ እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር።

«ለምን ለእማዬ አትነግራትም?»

«ያልተነገረው ሰው ሰርግ ይሄዳል። የተነገረው አይሄድም። እኔ አልተነገረኝም። ገባሽ?»

አልገባኝም፤ ገባኝ አልኩ።

«እናትሽ ደክማለች» አሉ። «ይህን ያህል መንገድ የተሸከመችውን ደጃፉ ላይ ስትደርስ አናስጥላትም። ራሷ ታውርደው።» ተነሱ፤ እኔንም አነሱኝ። «ይልቅ እንቁላሉን ለአበቡ ስጫት። ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም።»

እማማ አበቡ እንቁላሉን ተቀበሉኝ። «ኬላው ተከፈተ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫዬን ጠረጉልኝ። ከዚያ ዳቦው ተቆረሰ። ለሮኒትና ለሾፌሩም ደረሳቸው። ሮኒት ልደት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ እኔ ለመተርጎም ቃል አላጣሁም፤ ግን አዎ አልኳት፤ እሷም ለአባባ አጨበጨበች።

ማታ እናቴ አደባባዩ ላይ ቆማ ፊቴን ስትመረምር ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸኋት።

ሰርጉ አርብ እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ ሰንበት ሳይገባ እንዲያልቅ። ከበሮውን የመቱት እማማ አበቡ ናቸው። ሳምንታት ሲገለበጥ የከረመው ነጠላ ሁሉ ቀና ብሎ ተለብሷል። አባባ ሙሽራዋን ይዘው መሀል ገቡ፤ ትከሻቸውን ሲያንቀጠቅጡ ሰው እልል አለ። የሞዓዶኑ ሰዎች ከበቧቸው፤ ጠጋ ጠጋ ብለው ነበር የሚጨፍሩት፤ ሰው ቢወድቅ የሚይዝ ሰው እንደሚቆመው። ዝና ሳቀች። እናቴ ግድግዳው አጠገብ ጫማዋን አውልቃ ቆማ አየቻቸው፤ ተሳካልኝ የሚል ፊት ነበራት፤ እኔ ያንን ፊት ላለማየት የሚያሳክከኝን አንገቴን ሳክክ ዋልኩ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ሊፍቱ አይሠራም ነበር። የሞዓዶኑ ሰዎች ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው እያለከለኩ ገቡ፤ ገብተውም ምንም እንደማያውቅ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። እናቴ ናት ሄዳ የለመነቻቸው፤ የሚናገሩት አባባ ይርጋ እንዲሆኑ ተስማምተዋል። ዝናና ባሏም መጥተው በር ላይ ቆሙ። አባባ ከክፍላቸው ሲወጡ ቤቱ ሙሉ ነው። አንድ በአንድ አዩአቸው። ማንም ዓይኑን አላነሳም።

እናቴ ሰሃን ይዛ መጣች። ዳቦና እንቁላል ነበረበት፤ ሻይም። ሻዩ ሰሃኑ ላይ ፈሷል። «አባዬ፣ ቁርስ ቅመስ» አለች።

አባባ ተቀመጡ። እንቁላሉን ቀስ ብለው ላጡት፤ ጨው ነከሩት፤ ግማሹን በሉ፣ ሌላውንም በሉ። ዳቦውንም እስከ መጨረሻው። ሻዩን ጠጡ። እጃቸውን ጠረጉ። ከዚያ በሰው መሀል እኔን ፈልገው አዩኝ።

«በልቻለሁ» አሉ።

አባባ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ አያ ደሴ» ብለው ጀመሩ፣ «ሰው ማለት የእግዜር አደራ...»

«ተነሣ ይርጋ» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «መርዶ ተቀምጦ አይነገርም።»

አባባ ይርጋ ተነሡ። ቤቱ ሁሉ ተነሣ። እናቴ ቢወድቁ ልትይዛቸው ከጀርባቸው ሄዳ ቆመች። የትርንጎ ስም ሲጠራ አባባ ጮሁ፤ የእኛ ሕንፃ፣ ከዚያም የሚቀጥለው ሕንፃ መስኮት እስኪከፈት ድረስ ጮሁ። ማስመሰል መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን አየሁ፤ አልነበረም። በስድስቱ ረቡዕ ሁሉ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ኋላ ወንበር ላይ፣ ድምፅ አውጥተው አልቅሰው አያውቁም ነበር።